በእማማ ብርቄ ቤት የገጠምኩት ታይመር

ያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። እማማ ብርቄ፣ የቤቱ ትልቅ ሰው፣ በረንዳው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እልፍነሽ፣ ሄንደርሰን ከተማ ባለ ሆስፒታል የሌሊት ጽዳት የምትሠራው፣ ከሺፍት ገብታ መኝታ ቤቷ ተኝታ ነበር። የእልፍነሽ ልጅ ሶልያና፣ ሦስት ዓመቷ፣ ከአያቷ ጭን ላይ ነበረች። የግቢው ማናጀር ሚስ ዳያን ሁለት ማስክ ደርባ ከደረጃው ሥር ቆማ ነበር። ጋሽ መኩሪያ አለቃዬ በስልክ ብቻ ነበሩ። እኔ ጥሩወርቅ ቁም ሳጥን በምታክለው የቦይለር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ቦይለሩን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ታይመር ከእኔ ሌላ የነካው ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የማይገባ ሰው ስም ስለተነሳ ነው።

ጡረታ የወጣሁት በፈረንጆቹ 2021 ማለቂያ ላይ ነው። ዕድሜዬም ደርሶ ነበር፣ ሥራውም ተለወጠ። በእጅ የሚዞሩትን ክብ ታይመሮች ነቅለው ከቢሮ በኮምፒዩተር የሚታዘዙትን ገጠሙ። አሁን ቦይለር መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ጥሩ ነው፣ አልከፋኝም። እኔ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ከእነዚያ ክቦች ጋር ኖሬአለሁ፣ የማውቀውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በሱዳን በኩል መጥቼ ላስ ቬጋስ ስገባ የተቀበለኝ ሥራ የካዚኖ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ነበር፣ እዚያ ሃያ ዓመት ያህል ሠራሁ። ፍራሽ ማንሳቱን ወገቤ እምቢ ሲለኝ ዊትኒ ሰፈር ባለ የአፓርታማ ግቢ ተከራይ የለቀቃቸውን ቤቶች ማጽዳት ጀመርኩ። ጋሽ መኩሪያን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የግቢው የጥገና ኃላፊ ነበሩ። ከእኔ ቀደም ብለው በስደት የመጡ፣ አጭር፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ባዶ ቤት ስጠርግ ከግድግዳው ጀርባ የሚንጎራጎር ነገር ሰማሁ። ፈራሁና ወጥቼ ጠራኋቸው።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ሰው በሌለበት ቤት የሆነ ነገር እየፈላ ነው።»

ገብተው ጆሯቸውን ቦይለሩ ላይ ለጠፉ። «ይህንን ድምፅ ሰምተሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ። ጥፋት ነው?»

«ሌሎቹ እዚህ ቤት ሦስት ጊዜ ገብተዋል። አልሰሙትም።»

ታይመሩ ቀንና ሌሊቱ ተገላብጦበት ነበር። የኤሌክትሪክ ዋጋ በሚወደድበት ሰዓት ባዶ ቤት ያሞቃል፣ በሚረክስበት ሰዓት ይጠፋል። በሳምንቱ ካቻቪቴ ሰጡኝና መጥረጊያዬን ለሌላ እንዳስረክብ ነገሩኝ። የዚያን ጊዜው ማናጀር ሳቀ። «ይህቺ ሴትዮ እኮ አምፖል ስትቀይር እንኳ ትንቀጠቀጣለች» አላቸው።

«ለዚያ ነው የፈለግኳት» አሉት። «ኤሌክትሪክ የማይፈራ ሠራተኛ ሁለት ቀብሬአለሁ።»

ቀብሬአለሁ ያሉት ለማስፈራራት ነው፣ ማንንም አልቀበሩም። ማናጀሩ ግን መሳቁን ተወ።

እውነትም ፈሪ ነኝ። በሩን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እነካዋለሁ። ልጄ ሳምራዊት ትንሽ እያለች ትምህርት ቤት አድርሻት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ በሩ እስኪዘጋ እጠብቅ ነበር። ይህ ጠባዬ ሲያሳፍረኝ ኖሮ ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ሙያ ሆነ። እሳቸው ብሬከሩን ካጠፉ በኋላ ማንም እንዳይመልሰው ናስትሮ ይለጥፉበታል። ከዚያ ኃይል መኖሩን የሚለካውን ቴስተር መብራት ባለበት ሶኬት ይሞክሩታል፣ ቀጥሎ የሚነኩትን ሽቦ ይለኩበታል፣ እንደገና ወደ ሶኬቱ መልሰው ይሞክሩታል። «ቴስተሩ በመሃል ሞቶ እንደሆነስ?» ይላሉ። ቧንቧ የሚነኩት ሁልጊዜ በእጃቸው ጀርባ ነው። መዳፍ ሲደነግጥ ይጨብጣል፣ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል።

ቦርሳቸውን ከመክፈታቸው በፊት ደግሞ ተከራዩን አንድ ነገር ይጠይቃሉ። «ገላችሁን የምትታጠቡት ስንት ሰዓት ነው?» ሴቶቹ ያፍራሉ። አንድ ትልቅ ፈረንጅ «አንተ ምን አገባህ?» ብሎ ሊያባርረን ነበር። እሳቸው ግን መልሱን ሳይሰሙ አንድ ብሎን አይፈቱም።

ትርጉሙ የገባኝ ሎን ማውንቴን የሚባል ሰፈር ነው። ግቢያችንን የሚያስተዳድረው ኩባንያ እዚያ የሚያከራያቸው ቤቶች ነበሩት። ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ የሆነ ሰው ከሺፍት ሲገባ ውሃው እየቀዘቀዘበት ሁለት ጊዜ ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ተቀይሮለታል። ጋሽ መኩሪያ ጠየቁት፣ ሰውየው ጎህ ሲቀድ እንደሚታጠብ ነገራቸው። ታይመሩን ቢያዩት መብራት በጠፋ ቁጥር እየቆመ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። «ቦይለሩ ጤነኛ ነው፣ ሰዓቱ ነው የታመመው» አሉና በጣታቸው አዙረው አስተካከሉት። ሰውየው ደስ ብሎት የካዚኖ ቺፕ ጉርሻ ሊሰጣቸው ሲል፣ «ይህንን ልመንዝር ብዬ ካዚኖ ስገባ ሚስቴ ብታየኝ አንተ ታስታርቀናለህ?» አሉት። እየሳቅን ወጣን፣ ግን አልሄድንም። ጋሽ መኩሪያ ሥራቸውን ጨርሰው ወዲያው አይሄዱም። ባልዲ ገልብጠው ይቀመጡና ቦይለሩ ማንጎራጎር እስኪጀምር ያዳምጣሉ። በማግስቱም ተከራዩ በሚታጠብበት ሰዓት ደውለው «እንዴት ነው?» ይላሉ።

ስለ ታይመሩ ትንሽ ላስረዳ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። እንደ ሰዓት ፊት ያለ ክብ ነው፣ በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል። የቀኑ ግማሽ ነጭ ነው፣ የሌሊቱ ግማሽ ጥቁር። በጠርዙ ላይ ሁለት ትንንሽ ብረቶች በብሎን ይታሰራሉ፣ አንዱ ሲደርስ ያጠፋል፣ ሌላው ሲደርስ ያበራል። ጋሽ መኩሪያ ዘበኞች ይሏቸው ነበር። የእኛ ግቢ ደንብ ከሰባት እስከ አንድ ነበር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይጠፋል፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይበራል። ኃይል የሚወደደው በዋናነት በሙቀቱ ወራት ነው፣ የግቢው ባለቤት ግን መቀያየሩ ስህተት ያመጣል ብሎ ዓመቱን ሙሉ እንዲያ እንዲሆን አዘዘ።

እኔና ጋሽ መኩሪያ ሰዓት የምንነጋገረው በአገራችን አቆጣጠር ነበር። ታይመሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ የፈረንጅ ነው። የእኛ የቀን ሰባት እዚያ ከሰዓት በኋላ 1 ነው፣ የእኛ የምሽት አንድ እዚያ የማታ 7 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጆሮዬ ሰባት ሲሰማ እጄ 1 ላይ ይሄድ ነበር። አስቤበት አላውቅም።

ኮሮና በመጣበት ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ጋሽ መኩሪያ ታመሙ። ሆስፒታል አልገቡም፣ ቤታቸው ተዘግተው ያስሉ ነበር። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ማናጀራችን ሚስ ዳያን ሠራተኛ ተከራይ ቤት ውስጥ ከሩብ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ደንብ አወጣች፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ለጥገና እንዳይጠሩ ለተከራዮች ወረቀት በተነች። ሳምራዊት ከቤት ሆና ነበር የምትሠራው፣ በየሁለት ሰዓቱ ትደውላለች። «ማሚ፣ ግለቭ አድርገሻል? ማስክሽን ቼክ አደረግሽ? ኖ፣ አፍንጫሽንም ሸፍኚ!» የኔው ጠባይ ተመልሶ መጣብኝ።

በታኅሣሥ የእማማ ብርቄ ታይመር ሰዓቱ ቆመ። ቦይለሩ እንደጠፋ ቀረና ጨርሶ ሙቅ ውሃ አጡ። ይህ አስቸኳይ ነው። አዲስ ታይመር ይዤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረስኩ። እማማ ብርቄ የሶልያናን እጅ ይዘው ወደ በረንዳ ወጡልኝ።

«ነይ ልጄ። አንቺን በዚህ ቀን ማስቸገራችን!»

«ሥራዬ ነው እማማ። እልፍነሽስ?»

«ተኝታለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገባለች። በሩ ላይ ልብሷን አውልቃ ሳትታጠብ ሕፃኗን አትነካም። ውሃው ከጠፋ ጀምሮ ሕፃኗ እያለቀሰች ከሩቅ ነው የምታያት።»

ስንት ሰዓት እንደሚታጠቡ ሳልጠይቅ ነገሩኝ። ሰማሁ እንጂ አላሰብኩበትም።

ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ናስትሮ ለጠፍኩ፣ በቴስተር ሦስት ጊዜ ለካሁ። ማስኩ መነጽሬን በጉም ይሸፍነዋል። የአዲሱ ታይመር ሽቦዎች ከአሮጌው ትንሽ ይለዩ ነበርና ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ደውዬ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። አንድ በአንድ መሩኝ። በሁለት ቃል መሃል ያስላሉ። ሳሉ ረዥም ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሻቸው ሲጠፋ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ሽቦው አልቋል?»

«አልቋል።»

«በይ ዘበኞቹን አቁሚ። እንደሌሎቹ ነው፣ ከሰባት እስከ አንድ።»

«ሰባት። አንድ» አልኩ ጮክ ብዬ። የሚያጠፋውን 7 ላይ አሰርኩ። የሚያበራውን 1 ላይ አሰርኩ። ጆሮዬ ሳላቸው ላይ ነበር፣ ከጋሽ መኩሪያ ደረት ሌላ የማስበው አልነበረኝም። ሚስ ዳያን ከታች «ትሩ! ሰዓትሽ አልቋል!» ብላ ጮኸች። ብሬከሩን መለስኩና ወጣሁ። ባልዲ ገልብጬ አልተቀመጥኩም። ተቀምጬ ቢሆን ቦይለሩ ጠፍቶ መዋል ባለበት ሰዓት ሲያንጎራጉር እሰማው ነበር። በማግስቱም አልደወልኩም። ሥራ በዝቶ ነበር፣ ግን እሱ ምክንያት አይሆንም።

ያ ታይመር ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦይለሩን ያጠፋና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይመልሰዋል። እማማ ብርቄ ማልደው ይነሳሉ። ልጃቸው ከመምጣቷ በፊት ሕፃኗን ያጥባሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ወለሉን በሙቅ ውሃ ይወለውላሉ። የቦይለሩ በርሜል ትንሽ ነው፣ ውሃው ያልቃል፣ ኃይል የለምና አይተካም። እልፍነሽ ስትገባ ቀዝቃዛ ነው። እኔን መጥራት ይችሉ ነበር፣ ግን ወረቀት ተበትኗል፣ ደግሞም ትናንት ተሠራልን ብለው አፈሩ። ስለዚህ በትልቁ ድስት ውሃ አፍልተው መታጠቢያ ቤት ድረስ እየተሸከሙ አደረሱላት። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ጠዋት ምንጣፉ አዳለጣቸውና የፈላው ውሃ ቀኝ እግራቸው ላይ ከጉልበት በታች ፈሰሰ። አምቡላንስ ብቻቸውን ይዟቸው ሄደ። አብሮ መግባት ክልክል ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም።

ሚስ ዳያን ቦይለሩን እንዳየው ጠራችኝ። ስደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በእጄ ጀርባ ቧንቧውን ነካሁ፣ ያቃጥላል። ኤለመንቱን ለካሁ፣ ኃይል አለው። ታይመሩን አየሁ። ዘበኞቹ 7 እና 1 ላይ ናቸው። ዓይኔ የለመዳቸውን ሁለት ቁጥሮች አየና ረካ።

«ይሠራል» አልኳት።

ሚስ ዳያን ወርክ ኦርደሩ፣ የሥራ ወረቀቱ፣ ላይ ጻፈች። ቦይለሩ ጤነኛ ነው፣ ተከራይዋ ችግር አላመለከቱም፣ በራሳቸው ፈቃድ ምድጃ ላይ ውሃ አፍልተዋል። ፈረምኩ።

ቤት ስገባ ሳምራዊት ላፕቶፗን ዘጋች። «እንዴት ሆኑ? ቦይለሩ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ይሠራል።»

«ኦኬ፣ ታዲያ ለምን ውሃ አፈሉ?»

«እኔ እንጃ።»

«ማሚ፣ ኖ። ስንት ዓመታቸው ነው? ሰባ ስምንት? ሙቅ ውሃ እያለ ያንን ድስት ለምን ይሸከማሉ?»

ጫማዬን አንድ እግር አውልቄ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እልፍነሽ የምትታጠበው ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት ሁለት።»

«አንቺ ያየሽው?»

«ስምንት ተኩል።»

«ኤለመንቱ ኃይል ነበረው?»

«ነበረው።»

ደግመው ጠየቁኝ። «ጥሩወርቅ፣ በስምንት ተኩል ኃይል ነበረው?»

ሌላውን ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ዘበኞቹ የት ናቸው?»

«ሰባትና አንድ ላይ።»

«ሰባቱ ላይ የቆመው የትኛው ነው? ነጩ ላይ ነው ጥቁሩ ላይ?»

«የሚያጠፋው» አልኩ። «ነጩ ላይ። ሁለቱም ነጩ ላይ ናቸው።»

ከሚያጠፋውና ከሚያበራው አንዱ ሁልጊዜ ጥቁሩ ላይ መቆም ነበረበት። ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

«እኔ ነኝ ሰባት ያልኩሽ» አሉ። «እነዚህን ሁሉ ዓመታት እንዲያ እያልኩ። ለታይመር በታይመሩ ቋንቋ መናገር ነበረብኝ።»

«እጁ የእኔ ነው ጋሽ መኩሪያ።»

«የሁለታችንም ይሁን።»

«አይሆንም» አልኩ። እሳቸውን እምቢ ያልኩበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

በነጋታው ታይመሩን አስተካክዬ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ቦይለሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማንጎራጎር ጀመረ። ከዚያ ቢሮ ገባሁ። ሚስ ዳያን ክፉ ሴት አይደለችም። የነገርኳትን ሰምታ በሩን ዘጋችው።

«ትሩ፣ ወረቀቱ ተፈርሟል። ማንም አይጠይቅም። ይህንን ከጻፍሽ ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፣ ይገባሻል?»

«ይገባኛል። ግን እሳቸው በራሳቸው ፈቃድ አላፈሉም።»

አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ። እንግሊዝኛዬ የተሳሳተ ነው፣ ግን በእጄ ጻፍኩት። ታይመሩን ገልብጬ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ተከራይዋ ጥፋት የለባቸውም። ሁለት ሳምንት አገዱኝ፣ ከዚያ መለሱኝ። የሆስፒታሉን ጉዳይ ኩባንያው ከእልፍነሽ ጋር ጨረሰ፣ ዝርዝሩን አላውቅም።

የከበደኝ እልፍነሽ ደጃፍ መቆም ነበር። በሩን ከፈተች፣ ሶልያና ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛለች። ከደረጃው አፍ ሆኜ ነገርኳት።

«ቆይ፣ ቆይ እትዬ ጥሩዬ» አለች። «ሰባት አሉሽ፣ አንቺ 7 ላይ አደረግሽው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ የሆስፒታሉን የሺፍት ሰዓት ወደ አገራችን አቆጣጠር እየቀየርኩ ለእናቴ ስነግራት ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ! ግን የእኔ ስህተት ሰው አላቃጠለም።»

«አላቃጠለም።»

«እናቴ እዚያ ብቻዋን ተኝታ ነርሶቹ ምን እንደሚሏት አይገባትም። እኔ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነኝ፣ ወለል እያጠብኩ። ሁለት ፎቅ ከእሷ በታች። አያስገቡኝም።» ማስኳን ወደ ዓይኗ ስባ ጠረገችበት። «አሁን ሂጂ። ልናገርሽ አልፈልግም።»

ሄድኩ። እሷም ትክክል ነበረች።

ከሦስት ቀን በኋላ ስልኬ ጮኸ፣ የማላውቀው ቁጥር ነው። እማማ ብርቄ ነበሩ። አንዲት ነርስ ስልኳን ይዛላቸዋለች።

«ጥሩዬ፣ እልፍነሽ ነገረችኝ።»

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተይ እንጂ! የእኔ እግር እንጂ የሕፃኗ አይደለም። እሷ ላይ ቢፈስ ኖሮ ያን ጊዜ አብረን እናለቅስ ነበር። ስሚኝ፣ እዚህ ሾርባው ጨው የለውም። ጨው በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ነርሷን ሲሏት በስልኩ ሰማሁ፣ እሷም ስትስቅ።

ከሌላ ገላቸው ላይ ቆዳ ወስደው እግራቸው ላይ ለጠፉላቸው። ከብዙ ሳምንት በኋላ በመራመጃ ብረት ተደግፈው ቤታቸው ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ሠርቼ ደረጃቸው ላይ አስቀምጥና ታች ወርጄ እቆማለሁ። እሳቸው በረንዳው ላይ ሆነው ያወሩኛል። እልፍነሽ መጀመሪያ ሳታየኝ ታልፍ ነበር። ብርዱ ሲወጣ አንድ ቀን ባዶ ሳህኔን አጥባ መለሰችልኝ። «ጨው አብዝተሻል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰላም እንባባል ነበር፣ ከዚያ በላይ አልሆነም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጋሽ መኩሪያ ዳኑ፣ ግን ደረጃ መውጣት አልቻሉም፣ ከእኔ በፊት ጡረታ ወጡ። ዛሬም በስልክ ሰዓት ስንነጋገር መጀመሪያ «በማን አቆጣጠር?» እንባባላለን።

በፈረንጆቹ 2021 የሙቀት ወራት ሎን ማውንቴን ለአንድ ሳምንት ተልኬ ስመለስ እነ እማማ ብርቄ ቤቱን ለቀው ሄደዋል። እልፍነሽ በሌላ ስቴት ሥራ እንዳገኘች ሚስ ዳያን ነገረችኝ፣ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። የእልፍነሽ ስልክ አይሠራም። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው እማማ ብርቄ ብረቱን ትተው ከወንበራቸው እስከ በረንዳው ጫፍ ሦስት እርምጃ ሄደው አሳይተውኝ ነበር። አራተኛውን ሳይሄዱ ተቀመጡ።

እናትየዋ እማማ ብርቄ፣ ልጃቸው እልፍነሽ፣ የልጅ ልጃቸው ሶልያና ይባላሉ። በፈረንጆቹ 2021 የሙቀት ወራት ከላስ ቬጋስ የሄዱ ናቸው። በምትኖሩበት ከተማ የምታውቋቸው ካላችሁ፣ እማማ ብርቄ በሕይወት መኖራቸውንና ያለ ድጋፍ መራመድ መቻላቸውን እባካችሁ ንገሩኝ።